በማኪያቶ መካከል የተቀመጠው ጎማ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ለባለጉዳይ «ስብሰባ ላይ ነው» ተብሎለት ሮማናት አደባባይ ዳር ማኪያቶውን በሚጠጣበት በዚያ የተከበረ ሰዓት፣ ኣረፋይነ ያለቀ ጎማ በትከሻው ተሸክሞ ካፌ ገባ። ለማንም ሰላም አላለም። በጠረጴዛዎቹ መካከል እያቋረጠ መሓሪ ከሁለት የቢሮ ጓደኞቹ ጋር ወደተቀመጠበት ሄደና ጎማውን ከነአቧራው በሦስቱ ማኪያቶ መካከል አስቀመጠው። አንዱ ብርጭቆ ተገለበጠ። ሌላው በጎማው ቀዳዳ ውስጥ ቀርቶ ከዚያ ሆኖ ይጨስ ጀመር።

«በላብኝ ያልከውን ጎማ አምጥቼልሃለሁ» አለ ኣረፋይነ። «ማን እንደበላው አንተው ንገራቸው።»

መሓሪ ሶፍት አንስቶ ሱሪውን ጠረገ። ሱሪው ነጭ ነበር፤ ይህ ሰው ነጭ ነገር ይወዳል። ኣረፋይነ ትንሽ ጠበቀና በአማርኛ አንድ፣ በትግርኛ ሁለት ስድብ ሰድቦ ወጣ። ስድቦቹ እዚህ ቢጻፉ ወረቀቱ ያፍራል። ጎማውን ግን ይዞ አልሄደም። የካፌው ባለቤት ሊነካውም ሊጥለውም ፈርቶ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እጁን ሊታጠብ የሚነሳ ሁሉ ጎማውን እያየ «የማን ነው?» ይል ነበር። መልሱም በየቀኑ እያደገ ይሄድ ነበር።

ኣረፋይነ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ አንድ መኪና ገብታ ሌላ መውጫ የማታገኝበት ጠባብ ግቢ ውስጥ የመኪና ጎማ ያስተካክላል። እንደሚባለው አላይመንት ይሠራል። መሣሪያው አራት የብረት መቆሚያ፣ ሁለት ረጅም ሲባጎ፣ የግንበኛ ቱምቢ፣ የብረት ማስመሪያና ጠመኔ ነው። ሥራውን የተማረው ከጣሊያን ጋራዥ ከተረፉ አንድ ሽማግሌ ሲሆን፣ እኚያ ሰው ሲሞቱ ያወረሱት ቱምቢውንና ጠባያቸውን ነው። ቱምቢው አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ጠባዩ እስከ ዛሬ አዲስ ነው። የሌላ ሰው ቁጣ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። የኣረፋይነ ቁጣ ግን ቋሚ ነዋሪ ነው፤ መታወቂያ ቢጠይቅ ቀበሌው የሚከለክልበት ምክንያት የለውም።

ነዳጅ ከከተማው የጠፋ ጊዜ መኪናው ሁሉ በየግቢው ተኝቶ አቧራ ሲለብስ፣ ሰው እቃውን በጋሪ ማጓጓዝ ጀመረ። ጋሪም የሚሄደው በመኪና ጎማ ነው፣ ጎማውም ይበላል። ሌላው ባለሙያ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ኣረፋይነ የጋሪ ጎማ በሲባጎ ያስተካክል ነበር። ባለጋሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁበት። ጋሪ ባዶውን እንደማይለካ፣ በቅሎዋ ታስራ፣ ጭነቱም ላዩ ላይ ሆኖ መለካት እንዳለበት ሲነግራቸው ደግሞ አብዷል አሉ። ከሁለት ወር በኋላ ግን በበሩ ላይ በቅሎዎች ተሰልፈው ቆሙ። ኣረፋይነ በሕይወቱ ሁሉ ካወቀው ነገር ትልቁ ይኸው ነው፤ ማንኛውም ነገር መለካት ያለበት እንደሚኖረው ሆኖ ነው። ባዶውን የሚለካ ሰው ባዶ ቁጥር ያገኛል።

አሁን ወደ መሓሪ መኪና እንሂድ። ያረጀች ኮሮላ ነች፤ ከእሱ በፊት ሁለት ሰው ሸምግሎባታል። መሓሪ ገዝቶ ያደረገላት የመጀመሪያ ደግነት ሞላዎቿን በግራይንደር አስቆርጦ ዝቅ ማድረግ ነበር። የእኛ ንዑስ ከበርቴ ከፍ ማለት ሲያቅተው ዝቅ ብሎ መታየት ጀምሯል። በደረጃ እድገት ያልተንቀሳቀሰ ሰው በሞላ ይንቀሳቀሳል። መኪናዋ ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ አራት ጣት ሲቀረው፣ መሓሪ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባገኘ ቁጥር መሪውን አጣሞ በሰያፍ እያስገባ፣ ለእያንዳንዱ ጉብታ እየሰገደ፣ ከኋላው የባጃጅ ሰልፍ እያስረገመ ያልፋል። ይህ «ስታይል» ይባላል።

ሞላ ሲቆረጥ ደግሞ ጎማ እንደነበረ አይቆምም። ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ ከታች ይከፈታል፣ አቅጣጫውም ይዛባል። ያን ጊዜ አስፋልቱን የሚረግጠው የውስጥ ጠርዙ ብቻ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነው፤ ጎንበስ ብለው ከውስጥ ሲያዩት ሽቦው ወጥቷል። እንደ ብዙ ቢሮ ማለት ነው።

መሓሪ መኪናዋን ያመጣት ከሦስት ወር በፊት፣ አራቱንም ጎማ አዲስ አስገጥሞ ነው። ኣረፋይነ ዞር ዞር ብሎ አያትና ሞላውን የቆረጠውን ሰው እጅ ረገመ። ከዚያ ግን ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ አስገፋት፤ ክሪክ ላይ ወጥታ የወረደች መኪና እግሯን ሰብስባ ነው የምትቆመው፣ ካልተንከባለለች እውነቷን አትናገርም። ሲባጎውን በግራና በቀኝ ወጠረ፣ ቱምቢውን በየጎማው ላይ አወረደ። ከመለካቱ በፊት ለማንም ደንበኛ የሚያቀርበውን ጥያቄ አቀረበ።

«በየቀኑ ማን ይጫንባታል?»

መሓሪ እሱ ብቻ እንደሚነዳት ተናገረ። ኣረፋይነ ደግሞ ጠየቀው፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ እቃ? ማንም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀው መሓሪ ሳቀና «ኣያ፣ ፖሊስ ሆኑብኝ እኮ» አለው። ኣረፋይነ አልሳቀም። የዝቅተኛ መኪና ነገር ከሌላው የከፋ ነው፤ የተቆረጠ ሞላ ሁለት ሰው ሲጨመርበት ቁጭ ይላል፣ ቁጭ ሲል ደግሞ ጎማው ይበልጥ ይጋደማል። ስለዚህ መሓሪን መሪው ኋላ አስቀመጠና በእሱ ክብደት ለካ። የጎማዎቹን መጋደም አስቀድሞ አቃና፤ የኋላዎቹ አልመለስ ሲሉት የቡሎን ቀዳዳቸውን በሞረድ አሰፋላቸው። አቅጣጫቸውን መጨረሻ ላይ አስተካከለ፤ ይህን ገልብጦ የሚሠራ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ኮፈኑን ከፍቶ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ለመሓሪ ሰጠው። ይህ የኣረፋይነ ሕግ ነው፤ መኪናዋ በስንት ሰው እንደተለካች ባለቤቱ በገዛ እጁ ከኮፈኑ ውስጥ ይጽፋል። መሓሪ «አንድ ሰው» ብሎ ጻፈ። ቀኑን አስገባ። ከሥሩም ፊርማውን እንደ ሚኒስትር አጠማዘዘው።

ሦስት ወር ሳይሞላ የኋላ ጎማዎቹ ከውስጥ አለቁ። መሓሪ ጎማ ይዞ ወደ ኣረፋይነ መምጣት ይገባው ነበር። እሱ ግን ወደ ካፌ ሄደ። ሰውየው በሲባጎ እንደሚለካ፣ በዚህ ዘመን በሲባጎ በግ እንጂ መኪና እንደማይታሰር፣ አዲስ ጎማ እንዳስበላው ለሰማው ሁሉ አወራ። ወሬው ከሮማናት ተነስቶ ቀዳማይ ወያነ በእግሩ ደረሰ። የኣረፋይነ ባለቤት ኣስካል ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ሰማችው። ሃያ ዓመት ደንበኛው የነበረ ባለ አይሱዙ በበሩ አጠገብ አልፎ ሌላ ዘንድ ሲሄድ ኣረፋይነ በዓይኑ አየ። ሰውየው አንገቱን ወደ ሌላ በኩል አዙሮ ነበር፤ አንገት ማዞር ደግሞ ከስድብ ይብሳል። በመጨረሻ መሓሪ ከጎማዎቹ አንዱን በባጃጅ ላከለት። ሾፌሩ መልእክቱን በቃሉ አደረሰ፦ «‹ይኸው ሥራህ› ብሎሃል።»

ኣረፋይነ ጎማውን መሬት ላይ አጋድሞ በመዳፉ ዳሰሰው። ከባጃጁ ሾፌርም የሌሎቹን ሁኔታ ጠየቀ፤ የፊቶቹ ደህና ናቸው፣ የኋላ ግራው ከኋላ ቀኙ ይብሳል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። በዚህች መኪና ከኋላ ሰው ይቀመጣል። በየቀኑ ይቀመጣል። በግራ በኩል የሚቀመጠው ደግሞ ወፈር ያለ ነው። ጎማውን ተሸክሞ ካፌ የገባው ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመ። ለምን እዚያ እንደቆመ ሲጠየቅ፣ ከተማው በዚያ ሰዓት ሰው የሚጭነው ወደዚያ ብቻ ነው አለ። ብዙ አልጠበቀም። ኮሮላዋ ሆዷን እየጎተተች መጣች። መሓሪ ይነዳል፣ አንዲት ልጅ ከጎኑ፣ ሦስት ሴቶች ከኋላ። ከኋላ በግራ በኩል በመስኮቱ ልክ ተሞልታ የተቀመጠችው ሐቢባ ነበረች፤ ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤቱ፣ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ የምትሰፋ፣ ሁለት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ። ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ከቀረ ወዲህ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ትሄድ እንደነበር ያውቃል። ዘንድሮ እግሯ ማበጡን ያቆመበትን ምክንያት ግን ያወቀው አሁን ነው። አየችውና እጇን አወዛወዘችለት። ኣረፋይነ እጁን ሳያነሳ ቆሞ ቀረ። ቁጣው ሊወጣ በር ሲፈልግ በሩ ላይ ሐቢባ ቁጭ ብላበታለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ መጣ። ሁለት ናቸው። አንደኛው አቶ ገብረተንሳኤ፣ የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበርና የመሓሪ የቢሮ ኃላፊ ናቸው። ከአራት ወር በፊት በቢሮው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ የለጠፉት እሳቸው ናቸው፤ በግል መኪናው የታክሲ ሥራ ሲሠራ የተገኘ ሠራተኛ ይሰናበታል። ሁለት ሰው ተሰናብቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚገኝ ኃላፊ ግን በማስታወቂያው አልተጠቀሰም። ሁለተኛው ጡረታ የወጡት መምህር ሽመልስ ናቸው። ከደብረ ብርሃን መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ትግርኛቸው ገበያ ያደርሳል፣ እርቅ ግን አያደርስም፤ ስለዚህ ነገሩ በአማርኛ ሆነ። መሓሪ በመኪናዋ ተከትሏቸው መጣና ግቢው መካከል አቆማት።

አቶ ገብረተንሳኤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሁለቱንም ወገን ቅሬታ ዘረዘሩ፣ ስለ ሰላም ብዙ ተናገሩ፣ ከጎረቤት ጋር መኖር ስላለው ጥቅም እንደ አቋም መግለጫ በነጥብ በነጥብ አስረዱ። ሽምግልና በእሳቸው እጅ ጥፋትን እንደ ድፎ ዳቦ እኩል መቁረስ ነው። ሁሌም ግማሽ ለዚህ፣ ግማሽ ለዚያ። ከመካከል አንዱ ጨርሶ ያላጠፋ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ የላቸውም።

«ሓወይ ኣረፋይነ» አሉ በመጨረሻ፣ «ካሳ ክፈል ያለህ የለም። አንዲት ቃል ናት። ‹አጥፍቻለሁ› ትላለህ፣ እሱም ይላል፣ ትሳሳማላችሁ።»

«ለስድቡ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ ኣረፋይነ። «ለአላይመንቱ አልጠይቅም።»

«ያው አንድ ነገር አይደለም?»

«አንዱ አፌ ነው። ሌላው እጄ ነው።»

መምህር ሽመልስ ፈገግ ሊሉ ሲሉ የአቶ ገብረተንሳኤን ፊት አይተው ተዉት። አቶ ገብረተንሳኤ ግለ ሂስ ሰውን እንደማያሳንስ፣ ይልቁንም እንደሚያጠነክር መከሩ። እሳቸው ግለ ሂስን ይወዳሉ፤ በተለይ ሌላ ሰው ሲያደርገው። ኣረፋይነ ወደ መኪናዋ ሄዶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቆርቆሮ በታች የመሓሪ የእጅ ጽሑፍ አለ፣ ቀንና ፊርማ አለ። ኮፈኑ አንዴ ብድግ ቢል የኣረፋይነ ስም ይመለሳል። ከዚያም አቶ ገብረተንሳኤ «ታዲያ የኋላውን ጎማ ማን በላው?» ይላሉ፣ መሓሪ ሰኞ ጠዋት ይሰናበታል፣ ሐቢባ ሰኞ ጠዋት በእግሯ ትሄዳለች።

መሓሪን ትኩር ብሎ አየው።

«አንተ ክፈተው» አለው።

መሓሪ ጫማውን አየ። ጫማውም ነጭ ነበር።

«ምኑን ነው የሚከፍተው?» አሉ መምህር ሽመልስ።

«ሞተሯን ማየት ፈልገው ይሆናል» አለ መሓሪ፣ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ።

አድርባይ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሲዋሽ እንኳ በዝቅተኛ ማርሽ ነው። ኣረፋይነ መዳፉን አነሳ። አቶ ገብረተንሳኤ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ እርቅ እምቢ ያለ ሰው ስም በዕድሩ ስብሰባ ላይ እንደሚነሳ አሳወቁ። ሄዱ። መምህር ሽመልስ በሩ ላይ ዞር ብለው ኮፈኑን አንድ ጊዜ አዩት።

ኣስካል ነገሩን ሁሉ ከጓዳ ሰምታ ነበር። ለምን ራሱ እንዳልከፈተው ጠየቀችው። በግድግዳው ወዲያ ሐቢባ ልጆቿን እያጠበች ትጮህባቸው ነበር። ኣረፋይነ በአገጩ ወደዚያ አመለከተና እራቱን ሳይበላ ሲባጎውን መጠቅለል ያዘ። ሲጠቀልል ሁለት ጊዜ በጠሰው።

ዓርብ ጠዋት ኮሮላዋ ሴቶቹን ጭና ስትመጣ መንገዱ መካከል ቆሞ አስቆማት። መሓሪ መስኮቱን አውርዶ «ኣያ ኣረፋይነ፣ እኔ እኮ...» ሲል አቋረጠው። ከእሱ ጋር ጉዳይ እንደሌለው፣ የሚያናግረው ሴቶቹን እንደሆነ ነገረው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አራታቸውም ግቢው ድረስ እንዲመጡ፣ ቅዳሴ የሌለባት ሐቢባ ቀድማ መጥታ በር እንድታስከፍት አዘዘ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ሌላ አዲስ ጎማ ከውስጥ አልቆ አንድ ቀን ጠዋት በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር እየሄዱ ቢፈነዳ እሱ ቀባሪ እንዳልሆነ ተናገረ። መጨረሻ ላይ ወደ መሓሪ ዞረ።

«አንተም ና። አምስተኛው ሰው አንተ ነህ።»

እሁድ መጡ። መሓሪ በዓል ይመስል ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ኣረፋይነ መኪናዋን አስገፍቶ፣ መቆሚያዎቹን ተክሎ፣ ሲባጎውን ወጠረ፤ ሴቶቹን በየለመዱት ቦታቸው አስቀመጠ። የመኪናዋ ኋላ ቁጭ አለ፣ ቱምቢው በግራው ጎማ ላይ ከጎማው ርቆ ተንጠለጠለ። መጋደሙን ልጅም ያየዋል።

«ኣያ፣ ጎማውን የበላነው እኛ ነን ማለት ነው?» አለች ሐቢባ በመስኮት።

«እናንተማ ከመቀመጥ በቀር ምን አደረጋችሁ?» አላት። «ዝቅ ማለቷንም አልጠላሁባት። እንደምትኖረው ትለካ።»

መሓሪ መሪው ኋላ ሊቀመጥ በሩን ሲከፍት ኣረፋይነ በሩን በጉልበቱ መልሶ ዘጋው።

«መጀመሪያ ጎማውን ከካፌው አምጣ።»

መሓሪ ባጃጅ ልጥራ አለ። ኣረፋይነ እሱ ራሱ በትከሻው እንደወሰደው አስታወሰው። መሓሪ ሸሚዙን ቁልቁል አየ፤ እሁድ በዚህ ሰዓት ካፌው ጢም ብሎ እንደሚሞላ፣ አቶ ገብረተንሳኤም ከቅዳሴ መልስ እዚያው እንደሚቀመጡ ያውቃል። እዚያ ሲጠይቁት ምን ብሎ እንደሚናገር ጠየቀ።

«አላይመንቱ ልክ ነበር በል። ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም።»

መሓሪ ሄደ። አራቱ ሴቶች መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ፤ አንዷ ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ዳቦ አውጥታ አካፈለች፣ ለኣረፋይነም በመስኮት ዘረጋችለት። አልበላም። ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ በሩን ያያል። ሰዓቱ ረዘመ። ይህ ልጅ አይመለስም አለ፣ አዲስ አበባ ገብቷል አለ፤ ሐቢባም በጎማ ተንከባሎ ከሆነ ቁልቁለት ነው፣ ደርሷል አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ጠመኔውን ሰበረው።

በመጨረሻ በበሩ የገባው መጀመሪያ ጎማው፣ ቀጥሎ መሓሪ ነበር። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ጠቁሯል። ከኋላው መምህር ሽመልስ በከዘራቸው እየተደገፉ ተከትለዋል። መሓሪ ጎማውን ከኣረፋይነ እግር አጠገብ አወረደው፣ ትንፋሹ ግን አልወረደለትም።

«ተናገረ?» አለ ኣረፋይነ። የጠየቀው መምህሩን ነው።

መምህር ሽመልስ ተናግሯል አሉ። ቆሞ፣ ጎማውን ተሸክሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አላይመንቱ ልክ እንደነበረ፣ የዋሸው እሱ ራሱ እንደሆነ ተናግሯል። ከዚያ አቶ ገብረተንሳኤ ለምን እንደዋሸ ጠየቁት። መሓሪ መውጣት ይችል ነበር፣ በሩ ቅርብ ነበር። አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ሰው እንደሚጭን ተናገረ።

መኪናዋ ውስጥ ያሉት ሴቶች መሳቃቸውን ተዉ። አቶ ገብረተንሳኤ ታዲያ ምን አሉ? አለች ሐቢባ። ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን ብለዋል። ያ ባለ አይሱዙ ግን ከጎናቸው ተቀምጦ ኖሮ፣ መኪናዬን ሰኞ አመጣለሁ በልልኝ ብሏል።

ኣረፋይነ አይሱዙውን ትቶ ሌላ ነገር ጠየቀ።

«ስንት ሰው እጭናለሁ አለ?»

«አራት አለ» አሉ መምህር ሽመልስ።

«ራሱን ረስቷል» አለ ኣረፋይነ። «አምስት ነው።»

ኮፈኑን ከፈተ። «አንድ ሰው» የሚለው ከነፊርማው ቁልጭ ብሎ አለ። መምህር ሽመልስ ቀረብ ብለው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ኣረፋይነ ነጭ ቀለሙንና ብሩሹን ለመሓሪ ሰጠው። መሓሪ የድሮውን ሰረዘ። ከሥሩ «አምስት ሰው» ብሎ ጻፈ፣ ቀኑን አስገባ፤ ፊርማውን አሁን አላጠማዘዘውም።

«በል ግባ» አለው ኣረፋይነ፣ በዚያው በተቆጣ ድምፁ። «አንተ ካልተቀመጥክ እኮ አትለካም።»

መሓሪ በጠቆረ ሸሚዙ መሪው ኋላ ተቀመጠ። መኪናዋ ትንሽ ዝቅ አለች። ኣረፋይነ ተንበርክኮ ቱምቢውን በእጁ አቁሞ ጸጥ እስኪል ጠበቀው፣ ከዚያም ማንም እንዳይተነፍስ አዘዘና ማስመሪያውን ሲባጎው ላይ አስጠጋ።